ዲጂታል አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ የሚሆነው እንዴት ነው?

በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጳውሎስ የተሰኘው ሰፈር ስሙ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋር የተሳሰረ ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት አቅም ያነሳቸውን ወገኖች ለማገልገል ተቋቋመ። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማና መባቻ የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ጀመረ የአሁን መጠሪያው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። ቀድሞ ፓስተር በሚል ስም ይታወቅ የነበረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ከክልሎች በሪፈር የሚላኩ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ወደዚህ ሰፈር ይጎርፋሉ።

እንዲህ ወዳለ ተቋም የሚመጣ ሰው ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው በሚሆንበት ጊዜ ጉዳዩ በሩን አልፎ በመግባት ብቻ አያበቃም። ተራው በስክሪን ሰሌዳ ላይ በቁጥር የሚታይ ከሆነ ዓይነ ስውሩ አያየውም። ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ከሆነ መስማት የተሳነው አይሰማውም። ቀጠሮው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሲላክ፣ ክፍያው በስልክ ሲፈጸም፣ ውጤቱ በኮምፒዩተር ሲወጣ ሌላ ሰው እንዲያነብለት መለመን ግድ ይሆንበታል። የሚያነብለት ሰው ደግሞ የሕመሙንም የገንዘቡንም ምስጢር ይጋራል። የዲጂታል ተደራሽነት ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ፣ ምስጢሩን ጠብቆ ሊፈጽም ይችላል ወይስ አይችልም?

ተደራሽነት ሲባል

ተደራሽነት ለአካል ጉዳተኞች ለብቻው የሚሠራ ሌላ ድረ ገጽ ወይም ሌላ ስልክ ማለት አይደለም። ሁሉም የሚጠቀምበት አገልግሎት ከመነሻው የማየት፣ የመስማት፣ የመንቀሳቀስ ወይም የመረዳት ችግር ያለበትን ሰው ታሳቢ አድርጎ መዘጋጀቱ ነው። ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውና እስከ 2023 ድረስ በየጊዜው ያሻሻለው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ጉዳዩን በአራት መርሖዎች ይጠቀልለዋል። ይዘቱ በዓይን ብቻ ወይም በጆሮ ብቻ ሳይወሰን ሊታወቅ የሚችል ይሁን፤ በጣት መንካት ለማይችልም ሰው የሚታዘዝ ይሁን፤ ቋንቋውና አካሄዱ የሚገባ ይሁን፤ አካል ጉዳተኞች ከሚገለገሉባቸው መርጃ መሣሪያዎች ጋር የሚግባባ ይሁን የሚሉ ናቸው።

መመሪያው በቁጥር የሚለኩ መስፈርቶችም አሉት። ለምሳሌ በመደበኛ መጠን የተጻፈ ፊደል ከጀርባው ካለው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። በነጭ ላይ በደብዛዛ ግራጫ የተጻፈ ማስታወቂያ ይህን መስፈርት አያሟላም። ዓይኑ የደከመ አረጋዊም ሆነ በጠራራ ፀሐይ ማሳ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚመለከት አርሶ አደር እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ እኩል ይቸገራሉ።

ጉዳዩ ስንት ሰው ይመለከታል?

የዓለም ጤና ድርጅት በምድራችን ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ማለትም ከሕዝቡ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። ይህም ከስድስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያሳየው ቁጥር ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉትን ሪፖርት መሠረት በማድረግ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት 17.6 በመቶ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠያየቁ ይመነጫል። "በቤትዎ አካል ጉዳተኛ አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚደብቅ ወይም እንደ ጉዳት የማይቆጥር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ "ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ያስቸግርዎታል?" ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለያል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ደግሞ 1.6 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አረጋግጧል። ለዓይነ ስውርነት መንስኤ ከሆኑት መካከል የዓይን ሞራ ግርዶሽ ግማሽ ያህሉን፣ ትራኮማ ደግሞ ከአሥር አንዱን የሚበልጠውን ድርሻ ይዘዋል። ትራኮማ በአማራ ክልል ገጠሮች በስፋት የኖረ በሽታ በመሆኑ ጉዳዩ ለክልሉ አርሶ አደሮች የሩቅ ወሬ አይደለም። በመኪና አደጋ፣ በሥራ ላይ ጉዳትና በእርጅና ምክንያት የሚመጣው ጉዳት ሲታከልበት ተደራሽነት የጥቂቶች ጥያቄ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የግእዝ ፊደልና አንባቢው ድምፅ

ዓይነ ስውራን ኮምፒዩተርና ስልክ የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በተሰኘ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ ወይም ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ በሚሉ የብሬል ማሳያ መሣሪያ ላይ ያወጣዋል። ለረጅም ዘመን ይታወቅ የነበረው ጆውስ የተባለው ሶፍትዌር ዋጋው ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከረን እና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የጀመሩት ኤንቪዲኤ ግን ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ፣ በአይፎን ላይ ቮይስኦቨር የተባሉት ከስልኩ ጋር አብረው ይመጣሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች አማርኛን እንዲያነቡ ሁለት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው። የመጀመሪያው የፊደሉ ኮድ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ቪዥዋል ግእዝን የመሳሰሉ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ለዓይን አማርኛ መስሎ የሚታየው ጽሑፍ ለኮምፒዩተሩ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ መመሪያ፣ ደንብ ወይም መጽሐፍ በስክሪን ሪደር ሲነበብ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሰማል። ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በስተቀር ለዓይነ ስውሩ አንባቢ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የድምፅ ሶፍትዌር አማርኛን ያነባል፤ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይም ሊጫን ይችላል። ድምፁ የማሽን ቃና ያለው ቢሆንም ብዙ ዓይነ ስውራን ለምደውት በፍጥነት ያዳምጡታል። ማይክሮሶፍት ደግሞ መቅደስ እና አምሃ የሚል ስያሜ የሰጣቸውን፣ ለሰው ድምፅ የቀረቡ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አዘጋጅቷል።

ይሁንና የአማርኛ አጻጻፍ ለማሽን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። "ገና" ሲላላ "እስካሁን" የሚለውን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። "አለ" ሲላላ "ተናገረ"፣ ሲጠብቅ "ይገኛል" ማለት ነው። ሰው ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ያውቀዋል፤ ማሽኑ ግን የሰዋስው ዕውቀት ካልተሰጠው ይስታል። በዩኒቨርሲቲዎች በአማርኛ ሥነ ድምፅና በኮምፒዩተር ቋንቋ ጥናት የሚሠሩ ምርምሮች ለዓይነ ስውራን ያላቸው ፋይዳ የሚታየው በዚህ ነው።

በዚህ መስክ ቀድመው ከተጓዙት መካከል በአዲስ አበባ በዩኔስኮ ድጋፍ ሥራ የጀመረውና ዓይነ ስውራንን በኮምፒዩተር ያሠለጠነው የዓይነ ስውራን አጋዥ ቴክኖሎጂ ማዕከል ይጠቀሳል። ማዕከሉን የመሠረቱት ታምሩ በላይ ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ኢትዮጵያዊ ናቸው።

ማኅተም ያረፈበት ፎቶ

በአገራችን መረጃን ለዓይነ ስውራን ከሚዘጉት ልማዶች መካከል ቀዳሚው ደብዳቤን በፎቶ አንሥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ነው። የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ፣ የፈተና መርሐ ግብር፣ የመሬት ጉዳይ ጥሪ፣ የማዳበሪያ ስርጭት መግለጫ በማኅተምና በፊርማ ተደግፎ በፎቶ ይወጣል። ለሚያየው ሰው ማኅተሙ የእውነተኛነት ምስክር ነው። ስክሪን ሪደሩ ግን "ፎቶ" ብሎ ያልፈዋል። የምዝገባው ቀን የሚያበቃው ዓይነ ስውሩ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሳይጠብቅ ነው።

መፍትሔው ወጪ የሌለበት ነው። ደብዳቤው በኮምፒዩተር ተጽፎ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጦ ከፎቶው ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። ፌስቡክን በመሳሰሉ ገጾች ላይ ለፎቶ የጽሑፍ መግለጫ የሚሞላበት ቦታም አለ። የቆዩና በወረቀት ብቻ ያሉ ሰነዶችን በተመለከተ፣ ቴሰራክት የተባለውን የመሰሉ ከፎቶ ላይ ፊደል የሚለዩ ነፃ ሶፍትዌሮች የአማርኛን ጽሑፍ ይለያሉ፤ ማኅተም ያረፈበትንና የደበዘዘውን ቃል ግን ስለሚስቱ የሰው እርማት ይሻሉ።

መስማት ለተሳናቸው ወገኖች

የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተገኘበት ወቅት፣ ጳውሎስ አካባቢ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የተሰኘው ነፃ የስልክ መስመር በመላ አገሪቱ ታወቀ። ዜጎች እየደወሉ ጠየቁ፣ ጠቆሙ። በንግግር የሚሠራ የስልክ መስመር በባሕርዩ ግን መስማትና መናገር የሚችልን ሰው ብቻ ያስተናግዳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእሳት አደጋ፣ ለፖሊስና ለአምቡላንስ ጥሪም ይሠራል፤ የድምፅ መስመር ባለበት ሁሉ በጽሑፍ መልእክት የሚደረስበት መንገድ አብሮ ሊኖር ይገባል።

ጽሑፍ ብቻውንም በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ለብዙ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። የምልክት ቋንቋው የራሱ ሰዋስው ያለው ሲሆን፣ የጣት ፊደሉም የግእዝን ሥርዓት ይከተላል፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ያመለክታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ስለዚህ ጠቃሚ የሆነ የጤና ወይም የሕግ መረጃ በቪዲዮ ሲዘጋጅ ከሥር የሚሄድ ጽሑፍም፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ቢኖረው መልእክቱ የተሟላ ይሆናል። የአስተርጓሚው ምስል በስክሪኑ ጥግ እጅግ ካነሰ የእጅና የፊት እንቅስቃሴው አይለይም፤ መጠኑም ሊታሰብበት ይገባል።

ገንዘብ፣ መታወቂያና ምስጢር

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክና መክፈል በከተማም በገጠርም ተለምዷል። ይህ ለአካል ጉዳተኛው ታላቅ ዕድል ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው የባንክ ደረጃ መውጣት አይጠበቅበትም፤ ዓይነ ስውሩም የብር ኖቶችን በመዳሰስ ለመለየት ከመጨነቅ ይድናል። ዕድሉ የሚሠራው ግን መተግበሪያው ከስክሪን ሪደር ጋር ሲግባባ ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ ስም ሳይሰጠው በምስል ብቻ ከተሠራ ሶፍትዌሩ "ቁልፍ" ከማለት ውጪ "ላክ" ይሁን "ሰርዝ" ሊናገር አይችልም። የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚቃጠል ከሆነም አዳምጦ ለሚሞላው ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጊዜው አይበቃም።

ስማርት ስልክ የሌላቸው ሰዎች በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚደወሉ አጫጭር ኮዶችን ይጠቀማሉ። በአነስተኛ የቁልፍ ስልኮች ላይ በ5 ቁጥር ቁልፍ ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ዓይነ ስውሩ ቁጥሮቹን በጣቱ እንዲያገኝ የተሠራች ናት። ስልኮቹ በአብዛኛው የሚመጣውን ጽሑፍ በድምፅ ስለማያነቡ ግን ሰውየው የምስጢር ቁጥሩን ለሌላ ለመስጠት ይገደዳል። የምስጢር ቁጥሩን የሰጠ ሰው ገንዘቡ ቢጎድል ማንን ይጠይቃል? በዚህ ምክንያት በአጭር ኮድ የሚሰጡ አገልግሎቶች በድምፅ የሚመራ አማራጭ ቢኖራቸው ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ፎቶ ይመዘግባል። እጅ ወይም ዓይን የሌለው ሰው፣ አሻራው በእርሻና በድንጋይ ሥራ የተፋቀ ሰው እንዴት ይመዘገባል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሥርዓቱ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች ተለይተው የሚመዘገቡበት አሠራር አለው። ስለዚህ አካል ጉዳተኛ ተመዝጋቢም ሆነ ቤተሰቡ በምዝገባ ጣቢያ ላይ ይህ አሠራር እንዲፈጸምለት ሊጠይቅ ይገባል።

ለሁሉም የሚጠቅም ንድፍ፦ የ8028 ትምህርት

በ2006 ዓ.ም. በጊዜው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረው ተቋም አስተባባሪነት ለአርሶ አደሮች የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ስለ አዘገጃጀት ጥሩ ምሳሌ ነው። አርሶ አደሩ ይደውላል፤ ቋንቋ ይመርጣል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ የተቀረጸ ምክር ያዳምጣል። ማሳወቂያዎችም በድምፅና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካሉ። መስመሩ የታሰበው ፊደል ያልቆጠረውን አርሶ አደር ጭምር ለመድረስ ነው። ያው ድምፅ ግን ለዓይነ ስውሩ አርሶ አደርም ይሠራል፤ ያው የጽሑፍ መልእክት ማንበብ ለሚችለው መስማት ለተሳነውም ይደርሳል። አንዱ መረጃ በሁለት መንገድ ሲቀርብ ማንንም በስም ሳይለይ ብዙ ሰው ያገለግላል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ጉግል አማርኛን በድምፅ ሲነገር ወደ ጽሑፍ መለወጥ መቻሉም እንዲሁ ነው። እጁ ለማይታዘዝለት ሰው የመጻፊያ መንገድ ሆኖለታል፤ የአማርኛ ፊደል በስልክ መጻፍ የሚያስቸግረው ጤነኛ ሰውም ይገለገልበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት መድልዎ እንዳይደርስባቸው ይከላከላል፤ አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻችም ያስገድዳል። ዓይነ ስውር ሠራተኛ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ስክሪን ሪደር እንዲኖረው መጠየቅ የዚህ መብት አካል ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን ከሕንፃና ከመንገድ አልፎ ለመረጃና ለመገናኛ ቴክኖሎጂም ያውለዋል። በዚሁ አንቀጽ ቴክኖሎጂዎች ገና ሲነደፉ ተደራሽ ሆነው በአነስተኛ ወጪ እንዲሠሩ አገሮች ማበረታታት እንዳለባቸው ሰፍሯል። ያለቀን መተግበሪያ አፍርሶ ማስተካከል እጅግ የሚያስወጣ መሆኑን የሚያውቅ ይህን ድንጋጌ ይረዳዋል፤ ቤት ከተሠራ በኋላ በር ለማስፋት ግድግዳ መናድን ይመስላል።

አገራችን በ2013 ዓ.ም. የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ ማየት ለተሳናቸውና ኅትመት ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች መጻሕፍትን በብሬል፣ በድምፅና በዲጂታል ቅርጽ ማባዛት የደራሲ መብትን እንደ መጣስ እንዳይቆጠር በር ይከፍታል። የመማሪያ መጻሕፍትን በዩኒኮድ ጽሑፍ ማግኘት ለተማሪዎች ያለው ዋጋ ከዚህ አንጻር ይታያል።

ትምህርት የሚከፍተውን በር የሚያሳዩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። በደቡብ ወሎ አማራ ሳይንት የተወለዱትና በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ተጋድሎ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ተቋማት ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት

ከፍተኛ በጀት የማይጠይቁ፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊፈጽማቸው የሚችሉ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በፎቶ የሚለቀቅ ማስታወቂያ ሁሉ ሙሉ ጽሑፉ አብሮት ይውጣ። ሁለተኛ፣ ሰነዶች በዩኒኮድ ፎንት ይጻፉ፤ ለሕዝብ የሚሰራጩትም በስካነር የተነሡ ምስሎች ሳይሆኑ ጽሑፋቸው የሚመረጥና የሚገለበጥ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ በወረፋ ቦታ ቁጥሩ በስክሪን ሲታይ በድምፅም ይጠራ፤ በድምፅ የሚጠራውም በስክሪን ይታይ። አራተኛ፣ "አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫኑ" ከማለት ይልቅ በቁልፉ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ ቀለም የማይለይ ሰው አለና። አምስተኛ፣ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ለማሠራት የሚፈረም ውል የተደራሽነት መስፈርትን ይጨምር፤ ሥራው ከመረከቡ በፊትም ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ተገልጋዮች ይሞክሩት። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ለእንዲህ ያለው ምክክር ተገቢ አካላት ናቸው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በቤቱ ዓይነ ስውር ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ያለ ቤተሰብ በአንድሮይድ ስልክ ማስተካከያ ውስጥ "ተደራሽነት" ወይም "አክሰሲቢሊቲ" የሚለውን ክፍል ይክፈት። በዚያ ፊደሉን ማጉላት፣ የቀለሙን ልዩነት ማድመቅና ቶክባክን ማብራት ይቻላል። ቶክባክ ሲበራ የስልኩ አነካክ ስለሚለወጥ መደናገጥ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መንካት ያለውን ነገር ያስነብባል፤ ሁለቴ አከታትሎ መንካት ይከፍተዋል፤ በአንድ ጣት ወደ ቀኝ መጥረግ ወደሚቀጥለው ያሻግራል። አዲሱ ተጠቃሚ ለመልመድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ስልኩን ከእጁ ነጥቆ "እኔ ልሥራልህ" ማለት ልምምዱን ያቋርጥበታል። የምስጢር ቁጥሩንም በተቻለ መጠን ራሱ እንዲሞላ መተው ይገባል።

ወደ ሐኪም ቤት አብሮ የሚሄድ አስታማሚም ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ጥያቄና መልሱ የታካሚው ነው። ባለሙያው በአስታማሚው በኩል "ምን ይሰማዋል?" ብሎ ሲጠይቅ ታካሚው ራሱ እንዲመልስ ዕድል መስጠት፣ ቀጠሮውና የመድኃኒቱ አወሳሰድም በራሱ ስልክ በድምፅ ወይም በጽሑፍ እንዲመዘገብለት መጠየቅ ይቻላል። ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ከራሱ ስልክ ሊያረጋግጥ ከቻለ፣ አስታማሚው ማሳ ወይም ገበያ በሚሆንበት ሰዓትም ሕክምናው አይስተጓጎልም።